የአውራጃ ገዥን ውቅር መቃብር እንዴት እናንብብ? ከበኒ ሐሰን ደረጃ እስከ ሃርኹፍ ደጃፍ

«እናንተ በምድር ላይ በሕይወት ያላችሁ፣ በዚህ መቃብር በኩል የምታልፉ ሁሉ…» የጥንት ግብጽ ሹማምንት በመቃብራቸው ላይ እንዲህ የሚል ልመና ያስቀርጹ ነበር። የሚለምኑት ገንዘብ አይደለም። ስማቸው እንዲጠራና «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ» እንዲባልላቸው ብቻ ነው። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ለሟቹ ስንቅ ይሆንለታል ብለው ያምኑ ነበር።

ይህ መመሪያ የሚነሳው ከዚያ ልመና ነው። በነገሥታት ሸለቆ ያሉት የፈርዖኖች መቃብሮች ታሽገው ከሰው ዓይን እንዲርቁ የተሠሩ ናቸው። የአውራጃ ገዥዎቹ አዳራሾች ግን በሩ ወደ ሸለቆው ተከፍቶ፣ ሰው እንዲገባባቸውና እንዲያነባቸው ተጠርበዋል። ስለዚህ ወደ እነርሱ የሚሄድ ሰው የተጠራ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ባሰናዳው ቅደም ተከተል ቢጓዝ ብዙ ያገኛል። አብዛኛው ጎብኚ ግን በሩን አልፎ ቀጥታ ወደ ታወቀው ሥዕል ይሮጣል፤ ሁለት ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እኔ የምመክረው ቀስ ብሎ ከደጅ መጀመርን ነው።

1. ቦታውን ይምረጡ

ጥንታዊት ግብጽ በአውራጃ የተከፋፈለች ነበረች፤ በላይኛው ግብጽ 22፣ በታችኛው 20። እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ ምልክት፣ የራሱ አምላክ፣ የራሱም ገዥ ነበረው። ከ6ኛው ሥርወ መንግሥት እስከ 12ኛው ድረስ ብዙዎቹ ገዥዎች በንጉሡ ፒራሚድ ጥግ መቀበርን ትተው በገዛ አገራቸው ገደል ላይ መቃብር አስፈልፍለዋል። አስዋን፣ ሞዓላ፣ አስዩት፣ ሜር፣ ደይር ኤል በርሻ፣ በኒ ሐሰን ሁሉም እንዲህ ያለ ገደል አላቸው።

ለጀማሪ በኒ ሐሰን ይሻላል። ቦታው ከካይሮ በስተደቡብ 245 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሚንያ ከተማ ቀጥሎ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ፣ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። ከካይሮ እስከ ሚንያ በባቡር፣ ከሚንያ ደግሞ በታክሲ ይሄዳሉ። በላይኛው እርከን 39 ትልልቅ መቃብሮች አሉ፤ ሥዕልና ጽሑፍ ያላቸው 12 ብቻ ናቸው፤ ለጎብኚ በተለምዶ የሚከፈቱት ደግሞ አራት ናቸው፦ የባቀት ሣልሳዊ (ቁጥር 15)፣ የልጁ የኬቲ (ቁጥር 17)፣ የአመነምሃት (ቁጥር 2) እና የክኑምሆቴፕ ዳግማዊ (ቁጥር 3)። አራቱ ለአንድ ቀን ይበቃሉ።

በሻንጣዎ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ፣ ከተቻለም ትንሽ ባይኖኩላር ይያዙ፤ ከፍ ያሉት ረድፎች በዓይን ብቻ አይጠሩም። ከሁሉ በላይ ግን የግድግዳዎቹን የቆዩ ቅጂዎች በስልክዎ ጭነው ይሂዱ። ሥዕሎቹ በስስ ልስን ላይ ስለተቀቡ ብዙ ቦታ ደብዝዘዋል፤ ከ1820ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የመጡ ተመራማሪዎችና ሠዓሊዎች የገለበጧቸው ምስሎች ዛሬ ከግድግዳው የጠፋውን ይዘው ቆይተዋል። የእንግሊዙ ፐርሲ ኒውቤሪ ቡድን በ1890ዎቹ መጀመሪያ መቃብሮቹን አንድ በአንድ ሲመዘግብ፣ በ1891 አንድ የ17 ዓመት ልጅ ለሥዕል ሥራ ተቀጥሮ መጣ። ስሙ ሃዋርድ ካርተር ነበር፤ ከ31 ዓመት በኋላ የቱታንክሃሙንን መቃብር ያገኘው እርሱ ነው። የግብጽ ሥራውን የጀመረው እዚህ፣ የአውራጃ ሹሞችን ወፎችና ታጋዮች በመገልበጥ ነው።

2. ከደረጃው ግርጌ ይቁሙ

ቲኬት ከቆረጡ በኋላ ወዲያው አይውጡ። ወደ ላይ ያንጋጥጡና የገደሉን ወገብ ይመልከቱ፤ የትልልቆቹ መቃብሮች በሮች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ከዚያ ዓይንዎን ወደ ታች፣ ወደ ተዳፋቱ ይመልሱ። እዚያ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ጆን ጋርስታንግ ከ1902 እስከ 1904 ድረስ 900 የሚጠጉ ትንንሽ የጉድጓድ መቃብሮችን ቆፍሯል። በውስጣቸው የተቀበሩት ጸሐፊዎች፣ ግምጃ ቤት ጠባቂዎች፣ የቤት አስተዳዳሪዎች፣ ሐኪሞችና የመሳሰሉት ናቸው፤ ብዙዎቹም ትንንሽ የእንጨት ጀልባዎችና የጎተራ አምሳያዎች አጠገባቸው ተቀምጦላቸዋል።

ይህን ሳያዩ ወደ ላይ መውጣት ከመጽሐፍ መግቢያውን መዝለል ነው። ገዥው ከላይ፣ አብረውት የሠሩት ከእግሩ ሥር፤ የአውራጃው አስተዳደር እንዳለ በተራራው ላይ ተቀምጧል።

3. ከበሩ ፊት ዓምዶቹን ይቁጠሩ

ከአመነምሃት መቃብር ይጀምሩ። ሰልፉ በጊዜ ቅደም ተከተል ከሆነ ባቀትና ኬቲ ይቀድሙ ነበር፤ ግን የማንበቢያው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ፊት ለፊቱ ከገደሉ ሳይለይ የተፈለፈለ በረንዳ አለ፤ ሁለት ስምንት ገጽ ያላቸው ዓምዶች ቆመውበታል። ወደ ውስጥ ሲገቡ አራት ዓምዶች ያገኛሉ፤ እነዚህ ባለ 16 ገጽ ናቸው። የጥንቱን የግብጽ ጽሕፈት የፈታው ፈረንሳዊ ሻምፖሊዮን እንዲህ ያሉትን ዓምዶች ሲያይ የግሪኮችን የዶሪክ ዓምድ አስታውሰውት ነበር፤ እነዚህ ግን ከግሪኮቹ ከ1,000 ዓመት በላይ ይቀድማሉ። በኬቲ መቃብር ያሉት ዓምዶች ደግሞ ከታሰረ የሎተስ እንቡጥ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ዓምዱን ብቻ አይቶ የትኛው ትውልድ ቤት ውስጥ እንደቆሙ መገመት ይቻላል፤ የሎተሱ ዓይነት በባቀትና በኬቲ ዘመን፣ ባለ ብዙ ገጹ ደግሞ በአመነምሃትና በክኑምሆቴፕ ዘመን ጎልቶ ይታያል።

አሁን ጣሪያውን ይዩ። ትንሽ ቀስት አለው፤ በሰሌን ወይም በተሸመነ ምንጣፍ አምሳል ተቀብቷል። ድንጋዩ ቤት ለመምሰል የሚያደርገው ጥረት ነው። ጠራቢዎቹ ሥራውን የሚጀምሩት ከጣሪያው ሥር ነበር፤ ከላይ መግቢያ ከፍተው ወደ ታች እየቆረጡ፣ ዓምድ የሚሆነውን ሳይነኩ እየተዉ ይወርዳሉ። ላሊበላን ያየ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም፤ በመካከላቸው ከ3,000 ዓመት በላይ አለ፣ ዝምድናም የላቸውም፣ ግን ከዐለት ሕንፃ የሚያወጣ ጠራቢ ሁሉ ወለሉን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው። በኒ ሐሰን ላይ ሳያልቁ የቀሩ መቃብሮችም አሉ፤ ከእነዚያ አንዱን በደጅ ማየት ከቻሉ ደረጃ በደረጃ የተቆረጠውን ዐለት ልብ ይበሉ። መሣሪያቸው የመዳብ መሮ፣ የእንጨት መዶሻና የድንጋይ መውቂያ ነበር።

4. ስምና ማዕረጉን ያግኙ

ሂሮግሊፍ (የግብጻውያንን ሥዕላዊ ጽሕፈት) ማንበብ ባይችሉም አምስት ምልክቶች ብቻ ቢይዙ ግድግዳው መናገር ይጀምራል።

መጀመሪያ አቅጣጫውን ይለዩ። የሰዎቹና የእንስሳቱ ምልክቶች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ጽሑፉ መጀመሪያ ነው። ወፎቹ ወደ ቀኝ ካዩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

ሁለተኛው በሞላላ ክብ የተከበበ ስም ነው፤ እርሱ የንጉሥ ነው። ገዥው የራሱን ስም በዚያ ክብ ውስጥ አያስገባም፤ ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን ያቺን መስመር አያልፍም።

ሦስተኛው የአንበሳ የፊት ግማሽ አካልና ከእርሱ ጋር የተዘረጋ ክንድ ነው። «ሃቲ-ዓ» ይባላል፤ የከተማና የአውራጃ ሹም ማዕረግ ነው። ይህን ምልክት ባዩበት ሁሉ ቀጥሎ የባለቤቱ ስም ይመጣል ብለው ይጠብቁ።

አራተኛው የአውራጃው ምልክት ሳላ ነው፤ ረጅም ቀንድ ያለው፣ አዋሽ ፓርክ የሄደ ሰው ዘመዱን የሚያውቀው እንስሳ። በኒ ሐሰን የ16ኛው የላይኛው ግብጽ አውራጃ፣ የሳላ አውራጃ፣ መቀበሪያ ናት።

አምስተኛው የመባው ቀመር ነው። ቄጠማ የሚመስል ተክል፣ ትንሽ ዳቦ፣ በምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ዳቦ፣ ከዚያም ሹል ሦስት ማዕዘን፤ «ንጉሡ የሚሰጠው መባ» ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የውሃ አበባ ተክል ካዩ ያ «ሺህ» የሚል ቁጥር ነው። ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ፣ ሺህ በሬ፣ ሺህ ወፍ፣ ሺህ የተልባ እግር ልብስ። እነዚህን ምልክቶች አንዴ ከለመዱ በግብጽ ሙዚየሞች ሁሉ ያገኟቸዋል።

5. የአመነምሃትን ቃል በጥርጣሬም በአክብሮትም ያንብቡ

በበሩ ሁለት ጎን ያለው ጽሑፍ በኒ ሐሰን ካሉት ሁሉ ልብ ይነካል። ይህ አመነምሃት ንጉሥ አይደለም፤ የንጉሥ ስም የያዘ ሹም ነው፣ አሜኒ እያሉም ያቆላምጡታል። ጽሑፉ የሚጀምረው በቀን ነው፦ የንጉሥ ሴኑስሬት ቀዳማዊ 43ኛ ዓመት፣ ይህም አሜኒ በሳላ አውራጃ በተሾመ 25ኛ ዓመት። አንድ ሹም ዘመኑን ከንጉሡ ዘመን ጎን አድርጎ ሲቆጥር ምን ያህል ኩራት እንዳለበት ልብ ይበሉ።

ቀጥሎ ዘመቻዎቹ ይመጣሉ። ከንጉሡ ጋር ወደ ኩሽ ወረደ፤ በ400 ምልምል ሰዎች የወርቅ ማዕድን ሊያመጣ ሄደ፤ በሌላ ጊዜ ወርቁን ወደ ኮፕቶስ ከተማ ለማድረስ 600 ሰው መርቷል። ከዚያ የግብር ሒሳብ፦ የዘውዱን ከብት ግብር በሙሉ አስገብቻለሁ፣ በቤተ መንግሥት መዝገብ ላይ ውዝፍ የለብኝም ይላል።

ከዚያም ይህ፦ የማንንም ሴት ልጅ አላስነወርሁም፤ መበለት አላስጨነቅሁም፤ ገበሬ አልገፋሁም፤ እረኛ አላባረርሁም። የረሃብ ዓመታት በመጡ ጊዜ የሳላ አውራጃን እርሻ ሁሉ ከደቡብ ድንበሩ እስከ ሰሜን ድንበሩ አረስሁ፤ ሕዝቡን መገብሁ፤ ባል ላላት እንደ ሰጠሁ ለመበለቲቱም ሰጠሁ፤ ስሰጥም ታላቁን ከታናሹ አላበለጥሁም። ከዚያ ታላላቅ ጎርፎች መጡ፣ እህልንና ሁሉን ይዘው፤ እኔ ግን የእርሻውን ውዝፍ አላስከፈልሁም።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። አሜኒ የሚናገርለት ጎርፍ አብዛኛው ውሃው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው፤ ክረምቱ በዓባይና በተከዜ ተፋሰስ ሲከፋ የሳላ አውራጃ ጎተራ ባዶ ይሆናል። ጎጃም ላይ ዝናብ ስለመኖሩ አሜኒ ምንም አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው ወንዙ ስንት ክንድ ከፍ እንዳለ ብቻ ነው። በመበለቲቱ እጅ የገባው እህልና በእኛ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በዚህ በር ላይ አንድ መስመር ውስጥ ተገናኝተዋል።

ሁሉን አምነው ይቀበሉ ማለቴ ግን አይደለም። «ለተራበ እንጀራ፣ ለታረዘ ልብስ» የሚለው አነጋገር በብዙ ሹማምንት መቃብር የሚደጋገም ቀመር ነው። ማመዛዘኛው ደግሞ እዚያው ገደል ላይ አለ፤ ወደ ባቀት ሣልሳዊ መቃብር ሲገቡ በቀኝ በኩል ያለውን ግድግዳ ይፈልጉ። ጸሐፊዎች ሒሳብ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ግብር የጎደለባቸው ሰዎች እየተጎተቱ መጥተው በዱላ ይመታሉ። ያን ሥዕል ያስቀባው ራሱ ገዥው ነው፤ የሚያሳፍር ሆኖ አልታየውም፣ የሥርዓት ምልክት ነበር። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብን እመርጣለሁ። ቀመር መሆኑ ቃሉን ውሸት አያደርገውም፤ አንድ ሹም በምን መመዘን እንዳለበት ሕዝቡ ይጠብቅ እንደነበር ይነግረናል።

6. ትልቁን ሰውዬ ይፈልጉ፣ ከዓይኑ ሥር ይቁሙ

ወደ ውስጥ ገብተው ግድግዳ ሲያዩ ግራ የሚያጋባው የምስሉ ብዛት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመጠን ከሁሉ የሚበልጠውን ሰው ያግኙ። እርሱ ባለቤቱ ነው። በፊቱ በረድፍ የተደረደሩት ትንንሽ ምስሎች ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳሉ ወይም ለእርሱ ይሠራሉ። ከእርሱ አጠገብ ቆመው ረድፎቹን እርሱ በሚያይበት አቅጣጫ ይከተሉ፤ የተዘበራረቀው ግድግዳ ወዲያው ይሰለፋል።

በአመነምሃት አዳራሽ ባልጩት የሚስሉ፣ ጫማ የሚሰፉ፣ ቀስት የሚያቃኑ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ወርቅ የሚያቀልጡ ሰዎች አሉ። በባቀት ግድግዳ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፤ ልጃገረዶች በኳስ ይጫወታሉ። ወንዶቹ በቀይ ቡናማ፣ ሴቶቹ በቢጫ ቀለም መቀባታቸው ልማድ ነው።

ከዚያ ትግሉ አለ። በባቀት መቃብር ምሥራቃዊ ግድግዳ 220 ያህል፣ በኬቲ 122፣ በአመነምሃት 59 ጥንድ ታጋዮች ተሥለዋል። ሠዓሊው አንዱን ታጋይ ጠቆር፣ ሌላውን ፈካ አድርጎ የቀባው እጅና እግሩ ሲጠላለፍ የማን የማን እንደሆነ እንዲለይ ነው። ዘዴውን ከተረዱ አንድ ረድፍ ይምረጡና ከጥንድ ወደ ጥንድ ይሂዱ፤ መያዝ፣ ማንሳት፣ መጣል፣ መንቀል፣ እንደ ተንቀሳቃሽ ፊልም ቅጠል በቅጠል ይከተላል። ከሥራቸው ያለውን ረድፍ ደግሞ አይለፉ፤ ምሽግ የሚከብቡ ወታደሮች አሉ። ትግሉ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ የሚጠቁመው ይህ ጉርብትና ነው። የአውራጃ ገዥ የራሱን ጦር ያሠለጥን ነበር።

7. ለክኑምሆቴፕ ሰሜን ግድግዳ ግማሽ ሰዓት ይስጡ

ይህ ብዙ ሰው ስሙን ሳያውቅ ምስሉን ያየው ግድግዳ ነው። ክኑምሆቴፕ ዳግማዊ በ12ኛው ሥርወ መንግሥት የመናት-ኹፉ ከተማ ሹምና የምሥራቃዊው በረሃ ተቆጣጣሪ ነበር። ሹመቱን ያገኘው በእናቱ በኩል ከነበረው አያቱ ነው፤ ይህን ሁሉ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በሚዞር፣ 222 የቁም መስመሮች ባሉት ጽሑፍ ተርኮታል። ጽሑፉ ስለ መቃብሩ በር እንጨትና ርዝመት ሳይቀር ይናገራል፤ ሲያበቃም ሥራውን የመራውን የግምጃ ቤት ኃላፊ የባቀትን ስም ይጠራል። (ከባለ መቃብሩ ባቀት ጋር አያምታቱት።) የጌታው የሕይወት ታሪክ በሥራ ኃላፊው ስም ሲዘጋ ማየት ደስ ያሰኛል።

ወደ ግድግዳው ይመለሱ። በረሃ አደኑ ከላይ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሦስተኛውን ረድፍ ይፈልጉ። ደብዝዟል፤ ስልክዎ ላይ ያለውን ቅጂ አሁን ይክፈቱት።

ከቀኝ ወደ ግራ ይሂዱ። መጀመሪያ ሁለት ግብጻውያን በነጭ ልብስ ይመጣሉ። ፊተኛው የንጉሥ ጸሐፊው ነፈርሆቴፕ ነው፤ በእጁ የያዘው ሰሌዳ የሴኑስሬት ዳግማዊ 6ኛ ዓመት እንደሆነና ኩል ይዘው የመጡ 37 «ዓሙ» እንዳሉ ይገልጻል። ዓሙ ማለት ግብጻውያን ከምሥራቅ፣ ከእስያ ወገን የሚመጡትን የሚጠሩበት ስም ነው። ከኋላው የአዳኞች አለቃ ኬቲ ቆሟል። (ይህም ባለ መቃብሩ ኬቲ አይደለም።)

ከእነርሱ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ፣ ዋልያ የመሰለ የበረሃ ፍየል እየመራ የሚመጣው አቢሻ ነው፤ ስሙ ላይ «የባዕድ አገር ገዥ» የሚል ማዕረግ ተጽፏል። ከዚያ ሚዳቋ የሚመራ ሰው፣ አራት የታጠቁ ወንዶች፣ ሁለት ሕፃናት የተጫኑባት አህያ፣ ጦር የያዘ ልጅ፣ አራት ሴቶች፣ ሌላ አህያ፣ በገና መሰል መሣሪያ የሚደረድር ሰው፣ በመጨረሻም ቀስተኛ። ይቁጠሯቸው፤ 37 አይደሉም፣ 15 ናቸው። ስምንት ወንድ፣ አራት ሴት፣ ሦስት ልጅ። ሠዓሊው ቁጥሩን ለሰሌዳው ትቶ የተመረጡትን ብቻ ሥሏል።

ልብሳቸውን ያስተውሉ፤ በቀይ፣ በሰማያዊና በነጭ የተሸመነ፣ በአንድ ትከሻ ላይ የሚጣል። ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጫማ አድርገዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የዮሴፍ ባለ ብዙ ቀለም ቀሚስ ትዝ ይለዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ብዙ አውሮፓውያንም ይህ የያዕቆብ ቤተሰብ ነው ብለው ነበር። አይደለም። ሰሌዳው ረሃብ አይልም፣ ስደት አይልም፤ የሚለው ኩል ነው፣ ቁጥሩም 37 ነው። ሥዕሉ ግን የዚያን ዘመን የከነዓንና የአካባቢው ሰዎች ምን ይለብሱ፣ ምን ይዘው ይጓዙ እንደነበር ግብጻዊ ዓይን ያየውን ያሳየናል፤ ያ በራሱ ብርቅ ነው። ስለምን በዚህ መቃብር ተገኘ ቢሉ፣ የምሥራቁ በረሃ በር ጠባቂ ክኑምሆቴፕ ነበርና፤ እንግዶቹ በእርሱ እጅ ነበር የሚመዘገቡት።

ከመውጣትዎ በፊት ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ዞር ይበሉ። በሐውልቱ ክፍል በር ግራና ቀኝ ገዥው በደንገል ጀልባ ላይ ቆሞ በአንዱ ወገን ዓሣ ይወጋል፣ በሌላው ወፍ ያድናል። በበሩ አናት ላይ ደግሞ ተደብቆ የወፍ መረብ ይስባል። ከኩሬው አጠገብ ባለ ግራር ላይ ያሉትን ወፎች በባይኖኩላር ይዩ፤ ዐረቦች ሁድሁድ የሚሏት ባለ ቁንጮ ወፍ አለች፣ ላባዋ አንድ በአንድ ተለይቷል። ካርተር የገለበጣት ያቺን ነው።

8. ወደ መጨረሻው ክፍል ገብተው ስሙን ይጥሩ

ከአዳራሹ መጨረሻ ያለችው ትንሽ ክፍል የባለቤቱ ሐውልት የተቀመጠባት ናት። በአመነምሃት ክፍል እርሱ በመካከል፣ ሚስቱና እናቱ በጎንና ጎን ነበሩ፤ ዛሬ ተሰባብረዋል። መባው ይቀመጥ የነበረው እዚህ ነው። አስከሬኑ ግን እዚህ አይደለም፤ በአዳራሹ ወለል የተከፈተው ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርድና ወደ ቀብር ክፍሉ ይደርሳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ አይንጠላጠሉ፣ ሁሉም ክዳን የላቸውም።

አጸፋውን ለመመለስ ከፈለጉ በአማርኛም ይሆናል፦ «ንጉሡ ለኦሲሪስ የሚሰጠው መባ፤ ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ፣ ሺህ በሬ፣ ሺህ ወፍ ለአሜኒ፣ ድምፁ እውነት ለሆነው።» የመጨረሻው ሐረግ በሟች ስም ጀርባ የሚጻፍ ነው፤ በሙታን አምላክ በኦሲሪስ ፍርድ ፊት አሸንፏል ማለት ነው። ክርስቲያን ሆኖ ይህን ማለት የሚከብደው ስሙን ብቻ ይጥራ። በእነዚህ ገደሎች የጥንት የግብጽ ክርስቲያኖችም ኖረዋል፤ በአስዋኑ ኩቤት ኤል ሐዋ ከመቃብሮቹ ጋር የተያያዘ የገዳም ፍርስራሽ አለ።

በግድግዳው ላይ እጅ አያሳርፉ፣ ፍላሽ አያብሩ፣ ቦርሳዎን ከጀርባዎ አውርደው በእጅ ይያዙ፤ ልስኑን የሚፍቀው ብዙ ጊዜ የጀርባ ቦርሳ ነው። በሩን ለሚከፍተው ዘበኛ ጉርሻ ይስጡ፤ የትኛው ረድፍ የት እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

9. ቀን ካለዎት

ከበኒ ሐሰን በስተደቡብ ደይር ኤል በርሻ ላይ የጀሁቲሆቴፕ መቃብር አለ፤ ለመግባት ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። 13 ክንድ ቁመት ያለው ሐውልት በ172 ሰዎች ሲጎተት የሚያሳየው ሥዕል የዚያ ነው። በሸርተቴው ፊት አንድ ሰው ውሃ ያፈሳል። ለረጅም ጊዜ ሥርዓተ አምልኮ ነው ሲባል ቆይቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተመራማሪዎች በልክ የረጠበ አሸዋ የመጎተቻውን ጉልበት በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

እስከ አስዋን ከዘለቁ ግን በጠዋት ጀልባ ይያዙና ወደ ምዕራቡ ዳርቻ፣ ወደ ኩቤት ኤል ሐዋ ይሻገሩ። እነዚህ መቃብሮች ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊደሉን ከጎን ይመታውና ቅርጹ ጎልቶ ይነበባል፤ ከቀትር በኋላ ግን ፊት ለፊቱ ጥላ ይሆናል። የሃርኹፍን ደጃፍ ይጠይቁ። እርሱ በ6ኛው ሥርወ መንግሥት የደቡብ ጉዞ መሪ ነበር፤ ያም ወደምትባል አገር አራት ጊዜ ሄዷል፤ ከአንዱ ጉዞ በ300 አህያ ዕጣን፣ ዞጲ፣ የነብር ቆዳና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ተመልሷል።

ከደጃፉ ቀኝ ጫፍ ይቁሙ። እዚያ ያለው ጽሑፍ የሃርኹፍ ሳይሆን የንጉሡ ነው፤ ገና ልጅ የነበረው ፔፒ ዳግማዊ የላከለት ደብዳቤ ቃል በቃል ተቀርጿል። ሃርኹፍ ከደቡብ አንድ ጨፋሪ ድንክ ሰው ይዞ እየመጣ ነው፤ ንጉሡ ቀደም ሲል በንጉሥ ኢሰሲ ዘመን ባውርደድ የተባለ ሹም ከፑንት ካመጣው ጋር ያስተያየዋል። ፑንት በቀይ ባሕር ደቡብ ዳርቻ እንደነበረች የሚታመን አገር ናት፤ በግብጽ የተገኙ የፑንት ዝንጀሮዎችን አጽም የመረመሩ ጥናቶች ወደ ኤርትራ፣ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ አካባቢ ያመለክታሉ። ልጁ ንጉሥ ከሲናና ከፑንት ስጦታ ሁሉ ይልቅ ያን ጨፋሪ ማየት እንደሚወድ ይጽፋል። በመርከብ ስትመጡ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ በሁለቱም ጎን ታማኝ ሰዎችን አቁም ይላል። ሲተኛም በድንኳኑ ዙሪያ ይተኙ፤ በሌሊት አሥር ጊዜ ተመልከተው።